ፊኒሹ ነው ወይስ ቀለሙ? የተቀለመ ቆዳ ሽፋን ላይ የቀረቡ ጥያቄዎች

በዚህ እትም ያሰባሰብናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ቆዳ ከተቀለመ በኋላ ስለሚቀባው ግልጽ ሽፋን፣ ሠራተኛው ፊኒሽ ስለሚለው ነገር ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ፊኒሹን ይከሳሉ። እኛ ግን መልሱን ስንፈልግ ደጋግመን የምናርፈው ከፊኒሹ በፊት በተሠራው፣ ወይም ሳይሠራ በታለፈው ሥራ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሸራ ተራ አካባቢ ቀበቶ እሠራለሁ። ቆዳው በዕፅዋት የለፋ ነው። በአልኮል የሚበጠበጥ ቡናማ ቀለም እቀባና ሲደርቅ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ፊኒሽ በስፖንጅ አደርግበታለሁ። ስፖንጁ ቀለሙን እያነሳ ቀበቶው ዥንጉርጉር ይሆናል። ቀለሙ ደርቆ ሳለ ለምን ይነሳል? የተበላሹትንስ ማዳን ይቻላል?
(ከመርካቶ)

መልስ፦ የደረቀው አልኮሉ ነው። አልኮል ቶሎ ስለሚተን ቆዳው ሊጠጣው ያልቻለው ቀለም ላዩ ላይ እንደ ደቃቅ ብናኝ ተቀምጦ ይቀራል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ላይ ይህ ትርፍ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው ሲያዩት እንደ ነሐስ ስለሚያብረቀርቅ ያስታውቃል፤ ቡናማ ላይ ግን አይታይምና ሰው ይዘናጋል። ከዚያ እርጥቡ ስፖንጅ ሲመጣ ብናኙን ሰብስቦ ወደፊት ይገፋዋል፤ ስፖንጁ ቆም ባለበት ቦታ ሁሉ ጠቆር ያለ መስመር ይቀራል።

ስለዚህ ቀለሙን ቀብተው 24 ሰዓት ያሳድሩት። በማግስቱ በደረቅ ነጭ አቡጀዴ ጠንከር አድርገው ይወልውሉት፤ ጨርቁ ቀለም መያዝ እስኪያቆም ንጹሕ ጎኑን እያዞሩ ይቀጥሉ። በመጨረሻ ሌላ ነጭ ጨርቅ በውሃ ነክረው አጥብቀው ከጨመቁ በኋላ አንዴ ብቻ ይለፉበት። ይህ እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ቀለም ቢይዝ ምንም አይደለም፤ በደንብ ከቀለመ ግን ቀበቶው ለፊኒሽ አልደረሰምና ወደ ውልወላው ይመለሱ። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንኑ ነው፤ ክንድ ስለሚያደክም።

አልኮል የቆዳውን ቅባትም ይዞ ስለሚሄድ ከውልወላው በኋላ ስስ ዘይት ያስፈልገዋል። ከከብት እግር የሚወጣው ኒትስፉት የሚባለው ዘይት ተመራጭ ነው፤ ጨርቅ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርገው በእኩል ያዳርሱት፣ ከዚያ እንደገና 24 ሰዓት ያቆዩት። የኑግ ዘይት ወይም ሌላ የምግብ ዘይት አይጠቀሙ። የኑግ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ እየወፈረና እየተጣበቀ የሚሄድ ዓይነት ነው፤ ከወራት በኋላ ቀበቶው አቧራ ይይዛል። ኒትስፉቱም ቢሆን ከበዛ ፊኒሹ የሚይዘው ነገር ያጣል። በጣትዎ ሲነኩት የሚያንሸራትት ከሆነ በዝቷል።

አሁን ፊኒሹ። አንድ እጅ አክሪሊክ ከአንድ እጅ ንጹሕ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ። ጠርሙሱን አይነቅንቁት፤ አረፋው ቆዳው ላይ ሄዶ ሲፈነዳ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ምልክት ይተዋል። በእንጨት በቀስታ ያማስሉት። ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ስፖንጅ በውሃ አርጥበው እስኪችሉ ድረስ ይጭመቁት፣ ፊኒሹን ያስነኩትና በሳህኑ ከንፈር ላይ ትርፉን ያራግፉ። ከዚያ ከዘለበቱ ጫፍ እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ አቅጣጫ ይጎትቱት። ያለፉበትን ቦታ ተመልሰው አይነካኩ፤ አክሪሊክ መጨበጥ የሚጀምረው ወዲያውኑ ነውና በግማሽ የያዘውን ሲያሹት ይቧጨራል። ርዝመቱ 110፣ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀበቶ የግማሽ ስኩዌር ፊት ያህል ነው፤ ለአንድ ጊዜ ቅብ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ድብልቅ ይበቃዋል። በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አንድ ሁለቴ ለክተው ቢሠሩ እጅዎ መጠኑን ይለምደዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ስስ ቅብ ይድገሙ። ሦስተኛ ለቀበቶ አስፈላጊ አይደለም። የሥጋ በኩሉንም፣ ማለትም ሻካራውን የውስጥ ጎን፣ አንድ ጊዜ ይቀቡት፤ ሱሪ የሚያቀልመው እሱ ነው።

ማስቲሽ የሚያርፍበትን ቦታ ፊኒሽ አያስነኩት፤ ከነካውም በአሸዋ ወረቀት ይፋቁት፤ ካልሆነ የሚጣበቀው ፊኒሹ ላይ እንጂ ቆዳው ላይ አይሆንም። ጠርዝን በሰም የሚያሹ ከሆነ ሰሙን ከፊኒሹ በኋላ ያድርጉ፤ ሰም ፊቱ ላይ ከደረሰ አክሪሊኩ እንደ ውሃ ጠብታ እየተሰበሰበ ይሸሻል። ያለቀው ቀበቶ በማግስቱ ለዘለበት ይደርሳል፤ ፊትና ፊት አድርጎ መደራረብ ግን እስከ ሳምንት ቢቆይ ይሻላል። በተለይ በሙቀት ወቅት አዲስ አክሪሊክ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

የተበላሹትን በተመለከተ፦ አክሪሊኩ ከደረቀ በኋላ በላዩ ቀለም ቢጨምሩ አይገባም። ሽፋኑን በአልኮል፣ እምቢ ካለ በአሴቶን በተነከረ ጨርቅ ማንሳት አለብዎት፤ ያ ደግሞ ቀለሙንም ይነካል። ቡናማውን ወደ መጀመሪያ መልኩ ለመመለስ አይድከሙ፤ ጠቆር ወዳለ ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር ይለውጡት። በር ከፍተው፣ ጓንት አድርገው፣ እሳት በሌለበት ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ቦርሳዎች ላይ በቲነር የሚቀጥን ላክ ረጨሁ። ሲደርቅ ጭስ የነካው መስታወት ይመስል ነጣ። በመጋቢት ከዚያው ቆርቆሮ ስጠቀም እንዲህ አልሆነም ነበር። ላኩ ተበላሽቶ ይሆን?
(ከጅማ፣ በሐምሌ የተላከ)

መልስ፦ ላክዎ ደህና ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። እንደ እርስዎ ባለው በቲነር የሚቀጥን (ኒትሮሴሉሎስ) ላክ ውስጥ ያለው ቲነር በፍጥነት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ የቆዳውን ፊት ያቀዘቅዘዋል። በክረምት አየሩ እርጥበት ያዘለ በመሆኑ በቀዘቀዘው ፊት ላይ ጤዛ ይፈጠራል፣ ያ ጤዛ ላኩ ውስጥ ተይዞ ይነጣል።

ለመዳኛው ቆዳው ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ይተዉትና ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ከረፋዱ በኋላ ንጹሕ ቲነር ብቻ በጣም በስሱ ይርጩበት። ላኩ ጥቂት ይለሰልስና የያዘውን እርጥበት ይለቅቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥራቱ ይመለሳል። ለወደፊቱ በዝግታ የሚተን ቲነር፣ የመኪና ቀለም ቀቢዎች በእርጥብ ወቅት የሚጨምሩትን ዓይነት፣ ከቲነሩ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ይቀላቅሉ። ቆዳውንና ላኩን ከቀዝቃዛ መጋዘን አውጥተው በቀጥታ አይርጩ።

በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ የሚጠቀሙ አንባቢዎችም ስለ ንጣት ይጽፉልናል፤ የነሱ ምክንያት ሌላ ነው። አክሪሊክ በውሃ ውስጥ የተበተኑ ደቃቅ ቅንጣቶች ስብስብ ነው፤ ውሃው ሲሄድ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው አንድ ገላ መሆን አለባቸው። ብርድ ላይ አይዋሃዱም። ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ባይቀቡ ይመረጣል፤ ከ10 በታች ደግሞ ብዙዎቹ ሽፋን ሳይሠሩ እንደ ኖራ ይረግፋሉ። ደጋ ያላችሁ በማለዳ አትቀቡ።

ሦስተኛ ዓይነት ነጭም አለ፦ ሥራው ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ብቅ የሚል። በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁት። ወዲያው ጠፍቶ በማግስቱ ሲበርድ ከተመለሰ ከቆዳው ውስጥ የወጣ ቅባት ነው፤ ፊኒሹን መንቀል አያስፈልግም፣ አሙቆ በጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የሴት ቦርሳ ክዳን የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ፊኒሹ እየተሰነጠቀ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ከዚያ ይላጣል። የተጠቀምኩት የእንጨት ቫርኒሽ ነው፤ ሦስት ጊዜ ቀብቼዋለሁ፣ ማብረቅረቁ ጥሩ ነበር።
(ከአዳማ)

መልስ፦ ቁም ሣጥን አይታጠፍም። የእንጨት ቫርኒሽ የተሠራው ለማይንቀሳቀስ ነገር ስለሆነ እየደረቀ በሄደ ቁጥር ይጠነክራል፣ ይበጫልም። ቆዳው ሲታጠፍ የውጭው ፊት ይለጠጣል፤ አብሮ የማይለጠጥ ሽፋን መሰንጠቁ የማይቀር ነው። ሦስት ጊዜ መቀባትዎ ደግሞ አባብሶታል፤ ለቆዳ የተሠራ አክሪሊክም ቢሆን ሲወፍር ያንኑ ያደርጋል።

አዲስ ፊኒሽ ሲገዙ ከሥራው የተረፈ፣ በዚያው ቀለም የተቀለመ ቁራጭ ላይ ይሞክሩት። በ24 ሰዓቱ ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው እጥፍ ያድርጉትና በጣትዎ ይጫኑት። ነጭ መስመር ከታየ ወፍሯል ወይም ደርቋል፤ ያቅጥኑት ወይም ይተዉት። ከዚያ ስኮች ለጥፈው በጥፍር አሽተው በአንዴ ይንቀሉት። ፊኒሹ ከስኮቹ ጋር ከመጣ ችግሩ አለመያዙ ነው፤ ከሥሩ ሰም፣ ዘይት ወይም ሲሊኮን ያለበት የጫማ ማጽጃ አለ ማለት ነው። የመጀመሪያው ፈተና ስለ ፊኒሹ ይናገራል፣ ሁለተኛው ስለ ቆዳው ዝግጅት፤ ሰዎች ሁለቱን ያምታቱና ችግሩ ዝግጅቱ ሆኖ ሳለ ፊኒሽ ሲቀያይሩ ይኖራሉ።

ያሉዎትን ቦርሳዎች መጠገን አንመክርም። የእንጨት ቫርኒሽ የሚለቀው በጠንካራ ማስለቀቂያ ሲሆን ቆዳውን አድርቆ ያበላሻል። ክዳኑን በአዲስ ቆዳ መቀየር ይረክስዎታል።

ጥያቄ፦ እዚህ የፊኒሹ ዓይነት በዝቶ ግራ ገባኝ፦ አክሪሊክ፣ ሬዚን፣ ላክ፣ ሰም። የኪስ ቦርሳና ቀበቶ ነው የምሠራው። ደግሞ በጥር ያዘዝኩት የአክሪሊክ ጠርሙስ ሲደርስ እንደ እርጎ ተቋጥሮ አገኘሁት፤ ባጠልለው ይሠራል?
(ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ አይሠራም። መንገድ ላይ በረዶ ሆኗል። አክሪሊክ አንዴ ከረጋ ቅንጣቶቹ ስለሚጣበቁ አይመለስም፤ ቢያጠልሉትም የሚያልፈው ውሃው ነው። በበረዶው ክረምት ከማዘዝ በመከር ገዝተው ቤት ውስጥ ያስቀምጡ።

ስለ ምርጫው፦ ቀለም እንዳይለቅና ውሃ እንዳይገባ ከሁሉ የሚያግደው አክሪሊክ ነው። ጉድለቱ መልኩ ነው፤ ትንሽ ከወፈረ ቆዳው ፕላስቲክ ይመስላል። በአሜሪካ ገበያ በስፋት ከሚገኙት የሚልዋኪው ፊቢንግስ ሬዞሊን ከዚህ ወገን ነው፤ የዚያው ቤት ታን ኮት ደግሞ ሬዚን ነው፣ ቆዳውን ቆዳ አስመስሎ ይተወዋል፣ ውሃ የመከላከል አቅሙ ግን ያንሳል። ላክ ያብረቀርቃል፣ ይሸታል፣ ይቀጣጠላል፤ አፓርታማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ሰም፣ ለምሳሌ ካርናውባ የሚባለው የዘንባባ ሰም ያለበት ክሬም፣ ለእጅ ይስማማል፣ ሲደበዝዝም በቀላሉ ይታደሳል፤ ግን ቀለም አይይዝም። ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ይለሰልስና ከሥሩ ያለውን ቀለም አብሮ ይሰጣል።

እኛ ብንሆን ለቀበቶው በእኩል ውሃ የቀጠነ አክሪሊክ ሁለት ጊዜ፣ ለኪስ ቦርሳው ሬዚን ሁለት ጊዜ፣ በላዩ በማግስቱ ስስ ሰም እናደርግ ነበር። ሰም በአክሪሊክም ሆነ በሬዚን ላይ ይቀመጣል፤ በሰም ላይ ግን ሌላው ሁሉ አይቀመጥም። ቀለምዎ በውሃ የሚበጠበጥ ከሆነ ደግሞ ማንኛውም በውሃ የሚቀጥን ፊኒሽ መልሶ ያሟሟዋል። የመጀመሪያውን ቅብ በስፖንጅ ከመጎተት በመርጫ ጭጋግ አስመስሎ ማልበስ፣ ሲደርቅ ሁለተኛውን በስፖንጅ መድገም ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት የብራና ዳዊት አለኝ። ቀይ ቡናማ የሆነው የቆዳ ልባሱ እየደረቀ እጅ ላይ ቀይ ዱቄት ይተዋል። የቦርሳ ፊኒሽ ብቀባው ይጠነክርልኛል?
(ከጎንደር)

መልስ፦ አይቀቡት። ያ ዱቄት የወለቀ ቀለም ሳይሆን የቆዳው ገላ ራሱ መፈራረስ ነው፤ በዕፅዋት የለፋ አሮጌ ቆዳ ላይ የሚታወቅ ጉዳት ነው። ውሃ ያለበት ማንኛውም ነገር ሲነካው በማይመለስ ሁኔታ ይጠቁራል፣ ይኮማተራል፤ አክሪሊኩም አንዴ ከገባ አይወጣም። ዘይትም፣ የጫማ ቀለምም፣ ሰምም ይቅርብዎ። የጥንታዊ መጻሕፍት ጠጋኞች እንዲህ ያለውን ልባስ በአልኮል የሚሟሟ የሴሉሎስ ማጠንከሪያ በጣም አቅጥነው ይይዙታል፤ እሱም ለእነሱ ሥራ ነው። ለጊዜው በማኅደሩ ውስጥ ያኑሩት፤ ማኅደር ከሌለው በታጠበ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ጭስና እርጥበት ከሌለበት ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ 200 ቦርሳ የማስረከብ ትእዛዝ አለን። በስፖንጅ ስለማይደረስ ኮምፕሬሰርና መርጫ ልንጠቀም ነው። አፍንጫውና ግፊቱ ስንት ይሁን? ስንት ሊትር ፊኒሽ እንግዛ? ደንበኛው የማያብረቀርቅ ነው የሚፈልገው።
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከሒሳቡ እንነሳ። በእጅ መርጫ ለአንድ ስኩዌር ፊት በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሊትር ድብልቅ ቆዳው ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ቦርሳዎ 6 ስኩዌር ፊት የሚወስድ ቢሆን ለአንድ ዙር 30፣ ለሁለት ዙር 60 ሚሊ ሊትር። ለ200 ቦርሳ 12 ሊትር ማለት ነው። ይህ ግን ቆዳው ላይ የሚያርፈው ብቻ ነው፤ ከመርጫው ከሚወጣው ሲሶ የሚጠጋው አየር ላይ ይቀራል፣ አሮጌ መርጫ ከሆነ ከዚያም በላይ። ስለዚህ 17 ወይም 18 ሊትር ድብልቅ ያስቡ፤ በእኩል ውሃ ስለሚቀጥን 9 ሊትር ፊኒሽ ይግዙ። ሁሉንም ከአንድ ጊዜ ምርት ይግዙት፤ የማያብረቀርቅ ፊኒሽ ከምርት ምርት የድምቀት ልዩነት አለው፣ ደንበኛው ቦርሳዎቹን ጎን ለጎን ሲደረድር ያየዋል። እንዲህ ያለ መጠን ለቆዳ ፋብሪካዎች ኬሚካል ከሚያስመጡ ነጋዴዎች መግዛት በትንንሽ ጠርሙስ ከመግዛት ይረክሳል።

ከተቻለ ከመሰፋቱ በፊት፣ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሳለ ይርጩት። ከተሰፋ በኋላ የሚረጭ ቦርሳ ማዕዘኑ ላይ ይደርቃል፣ ስፌቱ ሥር ይጠራቀማል፣ ክሩም ይጠነክራል።

አፍንጫው ከ0.8 እስከ 1.0 ሚሊ ሜትር፣ ግፊቱ ከ2 እስከ 2.5 ባር፣ ርቀቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ድብልቁን በናይለን ስቶኪንግ አጥልለው ይሙሉ። እጅዎ ከቆዳው ጋር ትይዩ ይሂድ፤ በክንድ አንጓ ብቻ እየቀዘፉ ከረጩ መሃሉ ይረጥብና ጫፎቹ ይደርቃሉ። መርጨቱን ከቆዳው ጠርዝ ውጭ ጀምረው ከጠርዙ ውጭ ያቁሙ፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርበው። የመጀመሪያው ዙር ከላይ ወደ ታች ከሆነ ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ ይሁን። ሲያልፉበት ፊቱ እኩል እርጥብ መስሎ መታየት አለበት፤ መፍሰስ ግን የለበትም። የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ጉርብጥብጥ ካወጣ ድብልቁ ወፍሯል ወይም ግፊቱ አንሷል። ሲዳስሱት እንደ አሸዋ ከሻከረ ጠብታው አየር ላይ ደርቋል፤ ይቅረቡ ወይም ግፊቱን ይቀንሱ። ክብ ክብ እየሆነ የሚሸሽ ከሆነ ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ወይም ውሃ ይመጣል፤ የውሃ ማጥመጃውን በየጠዋቱ ያፍስሱ።

የማያብረቀርቅ ፊኒሽ ድምቀቱን የሚያጣው በውስጡ ባለ ደቃቅ ሲሊካ ነው። ሲሊካው ሥር ስለሚዘቅጥ ከመሙላትዎ በፊት ሁልጊዜ ያማስሉ፤ ሳያማስሉ ከጀመሩ የመጀመሪያዎቹ ቦርሳዎች ያብረቀርቃሉ፣ የመጨረሻዎቹ አመድ ይመስላሉ። ጥቁር ቆዳ ላይ ሲበዛ ግራጫ ያደርጋል። ለጥቁሩ ግማሹን ከሚያብረቀርቀው ዓይነት ጋር ቀላቅለው ይሞክሩ።

ሥራው ሲቆም መርጫውን ወዲያው በለብ ያለ ውሃ ይጠቡት። ለሠራተኞቹ ተራ የአፍ ጭምብል ጭጋጉን እንኳ በወጉ አይመልስም፤ የከሰል ማጣሪያና የብናኝ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ይግዙላቸው። ማጠንከሪያ የሚጨመርበትን ባለ ሁለት ጣሳ ፖሊዩሬቴን ሊሸጥልዎ የሚፈልግ ይኖራል፤ በርግጥ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት ያለበት ከሆነ ጭጋጉ አስም ያስይዛል፣ የያዘውም ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ይነሳበታል። መሳቢያ ያለው የመርጫ ክፍል ከሌለዎት አይንኩት። ላክ የሚረጩ ደግሞ የቡና ከሰል እዚያው ቤት እየጨሰ መርጨት እንዳይታሰብ።

ጥያቄ፦ ጥቁር ቀበቶ ሠርቼ ፊኒሽ ሁለት ጊዜ ቀብቼም የደንበኛ ነጭ ሸሚዝ አጠቆረ። ሦስተኛ ቅብ ልጨምር? በኮምጣጤና በብረት ማጥቆር ይቻላል ሲሉም ሰምቻለሁ።
(ከሳሪስ)

መልስ፦ ሦስተኛው ቅብ ችግሩን ለጥቂት ወራት ያዘገየዋል። ቀበቶ ዘለበቱ ላይና ቀዳዳዎቹ ላይ ስለሚፋተግ ሽፋኑ እዚያ ሲያልቅ ከሥሩ ያለው ልቅ ቀለም ይወጣል። ከመሸጥዎ በፊት ይሞክሩት፦ ነጭ ጨርቅ በጣትዎ ጠቅልለው አንድ ቦታ 10 ጊዜ ያመላልሱ፣ ከዚያ ጨርቁን አርጥበው በሌላ ቦታ 10 ጊዜ። ፊኒሽ ከመቀባትዎ በፊትም በኋላም ያድርጉት። ከፊኒሹ በፊት እርጥቡ ጨርቅ በጣም ከጠቆረ ውልወላው ይቀረዋል።

የሰሙት እውነት ነው፤ ለጥቁር የኛም ምርጫ እሱ ነው፣ ግን በዕፅዋት ለለፋ ቆዳ ብቻ። ብረት ከቆዳው ታኒን፣ ማለትም ካለፋው የዕፅዋት ንጥረ ነገር፣ ጋር ሲገናኝ ጥቁር የሚሆነው ራሱ ቆዳው ስለሆነ የሚለቅ ነገር እምብዛም የለም። የሀገር ውስጥ ፋብሪካ ቆዳ በብዛት የለፋው በዕፅዋት ሳይሆን በክሮም ጨው ነው፤ በምላጭ ቆርጠው መሃሉን ይዩ፦ ሰማያዊ ግራጫ ከሆነ ክሮም፣ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ከሆነ በዕፅዋት የለፋ ሊሆን ይችላል። ከጥርጣሬ የሚያወጣዎ ከታች ከምንገልጸው የኮምጣጤና የብረት ፈሳሽ ቁራጭ ላይ አንድ ጠብታ ማድረግ ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ካልጠቆረ ይተዉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። 1 ሊትር ነጭ ኮምጣጤ በፕላስቲክ ወይም በመስታወት ዕቃ ውስጥ አድርገው አንድ እፍኝ ዚንክ ያልተቀባ ምስማር በሳሙና አጥበው ይጨምሩበት። የማይዝግ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይሟሟም። ክዳኑን አያጥብቁት፤ ጋዝ ይወጣል፣ የሚቀጣጠልም ስለሆነ ከእሳት ያርቁት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ ከዚያ በጨርቅ ያጥልሉት። ገና ዘይት ያልነካው ቆዳ ላይ በብሩሽ በብዛት ይቀቡ። ሲጠቁር 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው ይጠቡበት፣ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፣ ጥላ ላይ ያድርቁት። ቤኪንግ ፓውደር አይተካውም። ከደረቀ በኋላ ይጠነክራል፤ ኒትስፉት ሁለት ጊዜ በስሱ ይስጡት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ፊኒሹ ይከተላል። የኮምጣጤው ሽታ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ስፌቱንና ዘለበቱን ከዚህ በኋላ ያድርጉ፤ ፈሳሹ ብረት ያዝጋል፣ የጥጥ ክርም ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የገዛሁት የበግ ቆዳ ጃኬት ደብዝዟል። ቀለም ሰጥቼ ፊኒሽ ልቀባው? ሱዊድ ጫማዬስ ላይ ያው ፊኒሽ ይሆናል?
(ከዱባይ)

መልስ፦ ጃኬቱ ላይ በማይታይ ቦታ የውሃ ጠብታ ያድርጉ። ቆሞ ከቀረ ከፋብሪካ የወጣበት ሽፋን አለ፤ ሰርጎ የሚገባ ቀለም አይቀበልም። በአልኮል በተነከረ ጨርቅ በቀስታ ጠርገው፣ ለቆዳ የሚሆን የሚለጠጥ ፒግመንት (ሳይሰርግ ላዩ ላይ የሚቀመጥ) ቀለም በስፖንጅ በጣም በስሱ፣ በላዩ ለልብስ ቆዳ የተሠራ ለስላሳ ፖሊዩሬቴን ፊኒሽ አንድ ጊዜ ያድርጉ። የቀበቶ አክሪሊክ ለጃኬት ይደርቅበታል፤ ክርኑ ላይ ይሰነጠቃል። ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ደግሞ ሽፋን የሌለው ነውና ለልብስ ቆዳ ማጽጃ ባለሙያ ይስጡት፤ የበግ ቆዳ ስስ ስለሆነ በቤት ውስጥ ሲቀለም እኩል አይወስድም።

ሱዊዱን ምንም ፊኒሽ አይቀቡት፤ ጸጉሩን አንድ ላይ ለጥፎ ያደነድነዋል። በሱዊድ ብሩሽ አጽድተው ውሃ የሚመልስ ስፕሬይ ከ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ደጅ ላይ ሆነው፣ ሁለት ጊዜ ይርጩበት። በሁለቱ መሃል ግማሽ ሰዓት ያቆዩት።